ጃንጎ ወዴት ይሂድ? ውሳኔውስ የማን ነው?

ፒያሳ_ባክኤንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ቢሮ ውስጥ የጀመርነው ክርክር አላልቅ ስላለን ወደዚህ አምጥቼዋለሁ።

የምንሠራው በጃንጎ ነው፣ በፓይተን ቋንቋ በተጻፈው የዌብ ሲስተም መሥሪያ ፍሬምወርክ (ማዕቀፍ)። ደንበኞቻችን ትምህርት ቤቶች፣ መድኃኒት ቤቶችና የቁጠባና ብድር ማኅበራት ናቸው። ሲስተሙ አንዴ ከተገጠመላቸው በኋላ አብዛኞቹ ለአፕግሬድ የሚመድቡት ገንዘብ የለም። ሥራው እስከሄደ ድረስ ማንም አይነካውም። አዲስ የገቡት ልጆች ግን «ጃንጎ አርጅቷል፣ አቅጣጫውን ካልቀየረ መተው አለብን» ይላሉ። ግማሾቹ ሙሉ በሙሉ አሲንክ (አንዱ ሥራ መልስ እየጠበቀ ሳለ ሌላውን የሚሠራ) ይሁን ባዮች ናቸው። ግማሾቹ ደግሞ የራሱ ዘመናዊ ፍሮንትኤንድ (ተጠቃሚው የሚያየው የገጹ ክፍል) ይኑረው ይላሉ።

እኔ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ትናንት የጻፍኩት ኮድ ነገም ይሥራ። አዲስ ነገር መጨመሩን አልጠላም። ግን አዲሱ የሚመጣው አሮጌውን በመስበር ከሆነ ዋጋውን የሚከፍለው እንደኛ ያለ ትንሽ ድርጅት ነው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ጃንጎ ወዴት መሄድ አለበት ትላላችሁ? ደግሞስ አዲስ አበባ ሆነን የምንለውን የሚሰማ አለ?

ኤፒአይ_ብቻ

እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

የዛሬ ሥራችን ግማሹ መጠበቅ ነው። የክፍያ ድርጅቱ መልስ እስኪሰጥ እንጠብቃለን። የኤስኤምኤስ አቅራቢው እስኪመልስ እንጠብቃለን። የቴሌግራም ቦት የሠራ ሰው የምለው ይገባዋል። በተለመደው አሠራር አንድ ጥያቄ መልስ እየጠበቀ ሳለ አንድ ዎርከር (ሰርቨሩ ላይ ጥያቄ የሚያስተናግድ ፕሮግራም) ይዞ ይቀመጣል። ኔትዎርኩ የተንቀራፈፈ ቀን ሁሉም ዎርከሮች ይያዙና ሳይቱ ቀጥ ይላል። ሌላው የፓይተን ፍሬምወርክ ፋስትኤፒአይ ይህን ከመጀመሪያው አስቦ ነው የተሠራው።

ጃንጎ መንገዱን መጀመሩን አውቃለሁ። በዲሴምበር 2019 ጃንጎ 3.0 የኤኤስጂአይ፣ ማለትም ሰርቨርና ፕሮግራም በአሲንክ የሚገናኙበት ደንብ፣ ድጋፍ ይዞ መጣ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በ2020 በ3.1 አሲንክ ቪው (ቪው ለጥያቄ መልስ የሚያዘጋጀው ኮድ ነው) ተጨመረ። በ2022 በ4.1 ደግሞ ዳታቤዙን በአሲንክ መጠየቂያ መንገድ መጣ። ግን ውስጡን ክፈቱት። ከሥር ያለው ሥራ አሁንም ወደ ትሬድ (በጎን የሚሄድ የተለመደ የሥራ መስመር) ተልኮ ነው የሚሠራው። ትራንዛክሽን (ሁሉም አብሮ የሚጸና ወይም አብሮ የሚሰረዝ የዳታቤዝ ሥራ) በአሲንክ አይሠራም። ገንዘብ የሚነካ ሲስተም ደግሞ ያለ ትራንዛክሽን አይታሰብም። እንግዲህ ዋናው ቦታ ላይ ስንደርስ ተመልሰን ወደ አሮጌው መንገድ ነው የምንገባው።

ስለዚህ መልሴ ግልጽ ነው። ሌላውን ሁሉ ትተው ይህን ይጨርሱ።

ሰርቨር_ጠባቂ

@ኤፒአይ_ብቻ ችግሩን በትክክል ነው ያስቀመጥከው። መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። የክፍያ መልስ መጠበቅ ከጥያቄው ውጪ መውጣት ያለበት ሥራ ነው። ወደ ወረፋ አስገብተህ ለደንበኛው «ተቀብለናል» በለው። እኛ ሴለሪ የሚባለውን የወረፋ መሣሪያ ለዚህ ነው የምንጠቀምበት። ጃንጎ 6.0 እኮ በዲሴምበር 2025 የራሱን የታስክ ማቀፊያ ይዞ ወጥቷል።

ግን ልብ በሉ። የገባው መደበኛ መገናኛው ብቻ ነው። ሥራውን ከወረፋ አንስቶ የሚሠራው ዎርከር አብሮ አልመጣም፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው በዚህ ተናዷል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። መገናኛው አንድ ከሆነ የፓኬጅ ጸሐፊዎች ሁሉ በእሱ ላይ ይገነባሉ። እኛም አንዱን ዎርከር በሌላ ስንቀይር ኮዳችንን አንነካም። ያ ሐሳብ ድንገት የወጣም አይደለም። በ2024 እንደ መደበኛ የማሻሻያ ሰነድ ጸድቆ፣ መጀመሪያ በውጭ ፓኬጅ ተሞክሮ ነው የገባው።

ኮዱን_አንብብ

@ፒያሳ_ባክኤንድ ሁለተኛው ጥያቄህ ከመጀመሪያው ይበልጥብኛል። ወዴት ይሂድ ከማለታችን በፊት ማን ነው የሚነዳው የሚለውን እንይ። ትንሽ ረዘም ይልብኛል፣ ታገሱኝ።

ጃንጎ የተጀመረው በ2003 በአሜሪካ ካንሳስ፣ ሎውረንስ ከተማ ባለ አንድ ጋዜጣ ውስጥ ነው። ለሕዝብ የተለቀቀው በጁላይ 2005 ነው። ጋዜጠኛው ኮድ ሳይነካ ጽሑፉን የሚያስገባበት ገጽ አስፈለገ። ዛሬ ሁላችንም የምንወደው አድሚን የመጣው ከዚያ ነው። ከጀማሪዎቹ ውስጥ አድሪያን ሆሎቫቲና ጃኮብ ካፕላን ሞስ ለዓመታት የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እነሱ ነበሩ። ክርክር ሲከር ወደ እነሱ ይሄዳል፣ እነሱ ያሉት ይጸናል።

በጃንዋሪ 2014 ሁለቱም ያንን ሥልጣን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ቴክኒክ ቦርድ ተቋቋመ። ኮድ የማስገባት መብት ያለው «ኮር» የሚባለው ቡድን ግን ቀጠለ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የቡድኑ አባላት ብዙዎቹ ሥራ በዝቶባቸው ርቀው ነበር። አዲስ ሰው ደግሞ «እኔ እዚያ ለመግባት አልበቃም» ብሎ ከሩቅ ያያል። ስም እንጂ ጉልበት የሌለው ቡድን ሆነ። ስለዚህ በማርች 2020 ቡድኑን ራሱን አፈረሱት።

ይህን ሳነብ በጣም ነበር የተገረምኩት። ሥልጣን ያለው ሰው ሥልጣኑን ሲበትን በየቀኑ አይታይም። በምትኩ ያመጡት አሠራር ቀላል ነው። ውይይቱ በአደባባይ ይሁን። ኮድ የማስገባት ቁልፍ የያዙት «መርጀር» የሚባሉት ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ቁልፉ ግን የመወሰን መብት አይሰጣቸውም። ስምምነት ሲጠፋ ብቻ ነው ጉዳዩ 5 ሰዎች ወዳሉበት የተመረጠ ምክር ቤት የሚሄደው። ምክር ቤቱ ዛሬ ስቲሪንግ ካውንስል ይባላል።

እንግዲህ ጥያቄህን ልመልስ። አዲስ አበባ ሆነህ የምትለው ይሰማል ወይ? በሩ ክፍት ነው። ግን «ይህ ቢኖር ጥሩ ነው» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምንም አያንቀሳቅስም። የሚሰማው ችግሩን በምሳሌ ያሳየ፣ ሌሎች ፍሬምወርኮች እንዴት እንደፈቱት ያየ፣ «ሥራውን እኔ እጀምረዋለሁ» ያለ ሰው ነው። ይህ ለካምፓላም ለለንደንም እኩል ነው።

ዲባግ_ሌሊት

ይቅርታ አድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። እኩል አይደለም። ለንደን ያለው ሰው ቀጣሪው በሥራ ሰዓቱ ኦፕን ሶርስ ላይ እንዲሠራ ሊፈቅድለት ይችላል። እኔ ከቀን ሥራዬ ወጥቼ ማታ ሌላ ሥራ አለብኝ። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል፣ የኢንተርኔት ጥቅል ያልቃል። «ሥራውን የሚሠራ ይወስናል» የሚለው ሕግ ፍትሐዊ የሚመስለው ጊዜ ላለው ሰው ነው። አቅጣጫውን የሚወስኑት በተግባር የሚችሉት ሰዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ የራሳቸውን ችግር ነው የሚፈቱት።

ገንዘቡስ? ጃንጎን የሚደግፈው ፋውንዴሽን የሚኖረው በልገሳ ነው። ከዚህ ሆኖ በካርድ ዶላር መላክ ለአብዛኞቻችን ቀላል አይደለም።

ኮዱን_አንብብ

@ዲባግ_ሌሊት ያልከው እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ጊዜ እኩል አልተከፋፈለም። አሠራሩም ይህን አልፈታውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጃንጎ ባለቤት ኩባንያ የለውም። ሪአክት የሚባለውን የፍሮንትኤንድ ላይብረሪ ተመልከት። ፌስቡክ ውስጥ ተወልዶ ለዓመታት እዚያው ኖረ። ወደ ገለልተኛ ፋውንዴሽን እንደሚዛወር የተገለጸው በኦክቶበር 2025 ነው። ጃንጎ ግን ከ2008 ጀምሮ የራሱ ፋውንዴሽን አለው። አንድ ድርጅት ስትራቴጂውን ስለቀየረ የኛ ኮድ አደጋ ላይ አይወድቅም። ይህ ለኛ ለድሆቹ ትልቅ ነገር ነው።

ጀማሪ_ፓይተን

ታላላቆቼ ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ሁሉም በፈቃደኝነት ከሆነ የሲክዩሪቲ ችግር ሲገኝ ሌሊት ተነስቶ የሚያስተካክለው ማነው?

ሰርቨር_ጠባቂ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ወንድሜ። «ፌሎው» የሚባሉ ደመወዝተኞች አሉ። ፋውንዴሽኑ ከልገሳ በሚያገኘው ገንዘብ ነው የሚከፍላቸው። ፕሮግራሙ በ2014 ነው የተጀመረው። የሚመጡትን የባግ ሪፖርቶች ያጣራሉ፣ ሌሎች የጻፉትን ኮድ ይገመግማሉ፣ የሲክዩሪቲ ጉዳዮችን ይከታተላሉ፣ ሪሊዙን ያወጣሉ። አዲስ ነገር መፍጠር ዋና ሥራቸው አይደለም። ቤቱ እንዲጸዳና በሩ እንዲከፈት ነው የተቀጠሩት።

እና እኔን ካላችሁኝ ጃንጎ ከሌሎቹ ተለይቶ እስከዛሬ የቆመበት ምክንያት ይህ ነው። ኮንፈረንስ ላይ የሚጨበጨበው ለአዲስ ፊቸር ነው። ሌሊት እንድተኛ ያደረገኝ ግን በየወሩ ሳይታክቱ የሚያወጡት ትንንሽ ማስተካከያ ነው። ወደፊት ገንዘብ ከተገኘ ከማንኛውም ፊቸር በፊት ሌላ ፌሎው ይቀጠርበት።

ሌክቸረሯ

እኔ ዩኒቨርሲቲ ነው የማስተምረው። ፍሮንትኤንዱን በተመለከተ የማየውን ልንገራችሁ።

ተማሪዎቼ ጃንጎን በሁለት ሳምንት ይወዱታል። ሞዴል (የዳታውን ቅርጽ) ይጽፋሉ፣ ማይግሬሽን (ዳታቤዙን ከሞዴሉ ጋር ማስተካከያ) ያስኬዳሉ፣ አድሚኑ ይከፈትላቸዋል። ፊታቸው ላይ ደስታ ይታያል። ከዚያ «ገጹ ሳይታደስ ዝርዝሩ እንዲቀየር እፈልጋለሁ» ይላሉ። እዚህ ላይ መንገዱ ይቆረጣል። ሪአክት ልማር ብሎ የሄደ ተማሪ ኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) ይጭናል፣ በመቶ የሚቆጠሩ ፓኬጆች ያወርዳል፣ ሴሚስተሩ ያልቃል። ስለዚህ ጃንጎ እዚህ ቦታ ላይ መልስ ሊኖረው ይገባል ባይ ነኝ።

ግን የራሱን ሪአክት ይሥራ ማለቴ አይደለም። በፍጹም። ፍሮንትኤንድ በየሁለት ዓመቱ ይገለበጣል። ጃንጎ በ2016 የፋሽኑን ፍሮንትኤንድ ውስጡ አስገብቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም የማይፈልገውን ኮድ ተሸክሞ ነበር። የምወደው የቴምፕሌት ፓርሻል (የገጹን ቁራጭ ለብቻ መጥሪያ) የገባበትን መንገድ ነው። መጀመሪያ የውጭ ፓኬጅ ነበር። ኤችቲኤምኤክስ (ገጹ ሳይታደስ ቁራጩን የሚተካ ትንሽ ላይብረሪ) የሚጠቀሙ ሰዎች ወደዱት። ከዚያ በ6.0 ዋናው ጃንጎ ውስጥ ገባ። ተማሪዬ የገጹን አንድ ቁራጭ ብቻ ከሰርቨር አምጥቶ መተካት ይችላል፣ ጃቫስክሪፕትም ብዙ አይጽፍም።

ማይግሬሽንም እኮ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ሳውዝ የሚባል የውጭ ፓኬጅ ለዓመታት ሁሉም ሰው ይጭን ነበር። ጸሐፊው አንድሩ ጎድዊን በ2013 በኪክስታርተር ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስቦ፣ በ2014 በጃንጎ 1.7 ውስጥ አስገባው። ውጭ የበሰለ ነገር ነው ወደ ውስጥ የገባው። አቅጣጫ መወሰን ማለት ለእኔ ይህ ነው። ሐሳቡ መጀመሪያ ሰዎች እጅ ላይ ይፈተን።

ኤፒአይ_ብቻ

@ሌክቸረሯ እንዲያ ከሆነ ጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ የሚባለው የውጭ ፓኬጅስ? ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት በር) የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይጭነዋል። በስሎ በስሎ አረጀ እኮ። ለምን እስካሁን ውጭ ቀረ?

ሌክቸረሯ

ትልቅ ስለሆነ ይመስለኛል። ወደ ውስጥ የገባ ነገር በጃንጎ ሪሊዝ ፍጥነት ነው የሚሄደው፣ በጃንጎ የተኳኋኝነት ቃልም ይታሰራል። ሸክሙ ደግሞ በእነዚያው ጥቂት ፌሎዎች ላይ ነው የሚወድቀው። ከውስጡ ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ ጄሶን (ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) የማንበብና የመመለስ ጉዳይ፣ ተነጥሎ ቢገባ ግን ደስ ይለኛል።

ሲልቨርስፕሪንግ_ሐበሻ

ከአሜሪካ ነኝ። ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ ሁሉንም አነበብኩ። «አሮጌውን አትስበሩ» ለሚለው ሐሳብ ከሌላ ቤት ማስረጃ ላምጣ።

በኦክቶበር 2014 አንጉላር የሚባለው የፍሮንትኤንድ ፍሬምወርክ ቡድን ፓሪስ በተደረገ ኮንፈረንስ ላይ ሁለተኛውን ቨርዥን አሳየ። ሰው የለመደው ብዙው ነገር ቀርቷል። ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንዴት ይሻገራል ለሚለው በዚያን ሰዓት የረባ መልስ አልነበረም። አዲሱ ራሱ የተለቀቀው በሴፕቴምበር 2016 ነው። በመሃል ያለውን ጊዜ አስቡት። ሥራ አስኪያጅ አዲስ ፕሮጀክት ሊያስጀምር ነው፣ አሮጌው እንደሚሞት ተነግሮታል፣ አዲሱ ገና አልተወለደም። ብዙ ሰው ያኔ ወደ ሪአክት ሄደ፣ ሳይመለስም ቀረ። አዲሱ አንጉላር መጥፎ ስለነበር አይደለም የሄዱት። መሻገሪያው ስላልተነገራቸው ነው።

ቪው (Vue) የሚባለውን ሌላ የፍሮንትኤንድ ፍሬምወርክ ደግሞ እዩ፣ የጃንጎውን ቪው ማለቴ አይደለም። በጁን 2019 አዲስ የኮድ አጻጻፍ ሐሳብ ለአስተያየት ሲቀርብ ሰው «አሮጌው ሊወገድ ነው» ብሎ ተነሳ። ቁጣው ከባድ ነበር። ቡድኑ ሰማ። አሮጌው አጻጻፍ እንደሚቆይ፣ አዲሱም ተጨማሪ እንደሆነ በግልጽ ጻፈ። ሐሳቡንም አሻሻለው። ቪው 3 በሴፕቴምበር 2020 ሲወጣ ሁለቱም አብረው ነበሩ። ያም ሆኖ ሽግግሩ ቀላል አልነበረም፣ ብዙ የውጭ ላይብረሪ ለአዲሱ እስኪደርስ ጊዜ ወስዷል። ቪው 2 ድጋፉ ያበቃው በ2023 መጨረሻ ነው።

የጃንጎ መንገድ ከሁለቱም ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ነገር ሊወገድ ሲል መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ኮዱ በዚያ ጊዜ አይሰበርም። ድሮ ሁላችንም ስንጽፈው የነበረው የዩአርኤል አጻጻፍ በ2.0 ቀለል ያለ ምትክ መጣለት። በ3.1 ማስጠንቀቂያ ማሳየት ጀመረ። የተወገደው በ4.0፣ በዲሴምበር 2021 ነው። ከምትኩ መምጣት እስከ መወገዱ 4 ዓመት ማለት ነው።

ፒያሳ_ባክኤንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። @ሲልቨርስፕሪንግ_ሐበሻ የልቤን ነው የተናገርከው።

አንድ የራሳችንን ጉዳይ ላንሳ። ቢሮ ውስጥ «የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ጃንጎ ውስጥ ይግባ ብለን እንጠይቅ» ያለ ልጅ አለ። እኔም በጣም የምፈልገው ነገር ነው። 13ኛ ወር ስላለን ከውጭ የመጣ የቀን መምረጫ ሁሉ ጳጉሜን ላይ ይሰናከላል። ተማሪ ጳጉሜን 3 ተወለደ ሲባል ፎርሙ አልቀበልም ይላል። የሰኔ 30 ሒሳብ መዝጊያ የሚሠራ ሰውም ስቃዩን ያውቃል። ይህ በዋናው ጃንጎ የሚፈታ ነው ወይስ ውጭ?

ሰርቨር_ጠባቂ

ውጭ። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ቀን በጎርጎርዮሳዊው ይቀመጥ። የምትቀይረው ስታሳይና ስትቀበል ብቻ ነው። ያንን የሚሠራ የፎርም ፊልድና ዊጅት እንደ ፓኬጅ መጻፍ ይቻላል፣ ጃንጎ ለዚያ ቦታ ሰጥቶናል። ብሮውዘሮችም ረዳት ናቸው። የጃቫስክሪፕት የቀን ማሳያው የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፣ በአማርኛም ያሳያል። ለማሳየት ያህል ምንም ላይብረሪ አያስፈልግህም።

እዚህ ላይ ትልቁ ችግር እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን መቀየሪያ ጽፎ ሲስተሙ ውስጥ መደበቁ ነው። አንዱ የጻፈው የቀን መቀየሪያ ስሌት በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ላይ ይሳሳታል፣ ሌላውም እዚያው ይሳሳታል። ማንም ከማንም አይማርም። አንድ ጥሩ ፓኬጅ ብናወጣና ቴስት ብንጽፍለት ለሁላችንም ይበቃ ነበር።

ዲባግ_ሌሊት

በዚህ እስማማለሁ። ይህን ለመሥራት የማንንም ፈቃድ አንጠብቅም። ሌሊትም ቢሆን እገባበታለሁ።

ሌክቸረሯ

ጊዜ ለሌለን ሰዎች አንድ መንገድ ልጠቁም። እያንዳንዱ አዲስ ጃንጎ ከመውጣቱ ሦስት ወር ገደማ በፊት አልፋው (የመጀመሪያው የሙከራ ቨርዥን) ይወጣል። ቀጥሎ ቤታ። አዲስ ሪሊዝ በየ8 ወሩ ስለሚመጣ ጊዜው አስቀድሞ ይታወቃል። የሲስተማችሁን ኮፒ በአልፋው ላይ አስነሱና ቴስታችሁን አስኪዱ። የተሰበረ ነገር ካለ ያኔ ሪፖርት አድርጉ። የኛ ኮድ ከሌላው ይለያል። የአማርኛ ፊደል አለው፣ ደካማ ኔትዎርክ ላይ ይሠራል፣ ርካሽ ሰርቨር ላይ ነው ያለው። እነሱ ጋ የማይታይ ችግር እኛ ጋ ይታያል። ከወጣ በኋላ ማማረር አቅጣጫ አያስቀይርም፣ አልፋው ላይ የተጻፈ አንድ ንጹህ ሪፖርት ግን ሪሊዙን ሊያስተካክል ይችላል።

ኮድ ለማበርከት ለሚፈልግ ደግሞ ጃንጎናውት ስፔስ የሚባል የ8 ሳምንት የኦንላይን የምክር ፕሮግራም አለ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ጃንጎኮን አፍሪካም በኖቬምበር 2023 ዛንዚባር ላይ ተጀምሯል፣ ለኛ ቅርብ ነው።

ጀማሪ_ፓይተን

እህቴ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ሪፖርት ብጽፍ ይቀበሉኛል?

ኮዱን_አንብብ

ይቀበሉሃል። ቋንቋው ሳይሆን ማስረጃው ነው የሚታየው። ባጉን የሚያሳይ ትንሽ ፕሮጀክት ሥራ። አንድ ሞዴል፣ አንድ ቪው፣ አንድ የሚወድቅ ቴስት። የትኛው ቨርዥን ላይ ይሠራ እንደነበር፣ የትኛው ላይ እንደተሰበረ ጻፍ። ከመላክህ በፊት ሌላ ሰው ያንኑ አስቀድሞ አመልክቶ እንደሆነ ፈልግ።

ኤፒአይ_ብቻ

እኔም የአሲንክ ትራንዛክሽኑን ጉዳይ ዝም ብዬ አልተውም። እስካሁን የተጻፈውን ውይይት አንብቤ የት እንደቆመ እዚህ አጠር አድርጌ አቀርባለሁ። @ፒያሳ_ባክኤንድ እናንተ አሁን የትኛው ቨርዥን ላይ ናችሁ?

ፒያሳ_ባክኤንድ

አብዛኛው 4.2 ላይ ነው። ሁሉንም ወደ 5.2 እናወጣለን፣ ለረጅም ጊዜ የሚደገፈው እሱ ስለሆነ እስከ ኤፕሪል 2028 የሲክዩሪቲ ማስተካከያ ያገኛል። የመድኃኒት ቤቱን ሲስተም ግን በሚቀጥለው አልፋ ላይ ቀድመን እንሞክረዋለን፣ ቴስቱ ከሁሉም የተሟላው እሱ ነው። የዘመን መቀየሪያ ኮዳችንንም ከውስጡ አውጥተን ጊትሃብ ላይ እናስቀምጣለን። አለቃችን ፈቅዷል። @ዲባግ_ሌሊት ሊንኩን በውስጥ እልክልሃለሁ፣ መጀመሪያ የጳጉሜን 6 ስሌቱን እይልኝ።